ከፊልሙ በፊት መቶ አርባ ገጽ

ሻዕባን 9

ቢስሚላህ። የሚስቴን መጽሐፍ አላነበብኩትም።

ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በሕይወት ሳለች «አነበብከው?» ስትለኝ «አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው» አልኳት። የዛሬ አራት ዓመት ስትሞት ደግሞ ለለቅሶ የመጣው ሁሉ መጽሐፏን እያነሳ ሲያጽናናኝ እንዳነበበ ሰው አንገቴን እየነቀነቅኩ ተቀበልኩ። አምስት ወቅት የምሰግድ ሰው ነኝ። ይህች ውሸት ግን በየሰላቱ ከጎኔ ቆማ ትሰግዳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግኩት ቁርአን ቤት ነው። አጀሚ፣ ማለት ሐውሳችንን በዓረብ ፊደል፣ እንደ ውሃ አነባለሁ፤ ይህንንም ደብተር የምጽፈው በእሱ ነው። ቦኮ የምንለውን የፈረንጁን ፊደል ግን በጎልማሶች ትምህርት ስድስት ሳምንት ሞክሬ ተውኩት። እሷ መጽሐፏን የጻፈችው በአጀሚ ነበር፣ በአራት ደብተር። «አንተ ቀድመህ እየው» ብላ አመጣችልኝ። «ታትሞ ወግ ይዞ ሲመጣ አነበዋለሁ» አልኳት። ታትሞ መጣ። በቦኮ። ካኖ ውስጥ የፍቅር መጽሐፍ በሌላ ፊደል እንደማይታተም እንደ እኔ ያለ ቆብ አጣቢ እንኳ ማወቅ ነበረበት። አፈርኩ። ዋሸሁ።

ዛሬ ለምን ጻፍኩት? አልሃጂ ላባራን የሚባለው ፊልም ሠሪ ከዙህር ሰላት በኋላ ሱቄ መጣ። መጽሐፏን፣ «ሦስት ጊዜ ጠራሁት»ን፣ ፊልም እያደረገው ነው። ፈቃዱን አምና ፈርሜለታለሁ፤ ለዒድ ያወጣዋል። ልጄም ምሳ ይዛልኝ መጥታ እዚያው ነበረች።

«ማላም ታንኮ፣ መጨረሻው ከብዶናል» አለኝ። «ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቶ ዓይኑ አብጦ እንዲወጣ አንፈልግም። እርስዎ መቼም አንብበውታል። ብናቀለው ምን ይላሉ?»

«አቅልሉት» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ባባ፣ መጨረሻውን?»

«ያው ዒድ ነው» አልኳት።

አልሃጂው እጄን ጨብጦ ሳቀ። «ያነበበ ሰው እንዲህ ነው፣ አይጨቃጨቅም!»

ምኑን እንዳቀለልኩት አላውቅም።

ሻዕባን 10

ልጄ ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነች በእኛ ደንብ ስሟን አልጠራም፤ ሌላው ሰው ሐንሳቱ ይላታል። እሷ እናቷን ኢና ትላት ነበር። አስተማሪ ናት። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና እጄ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ያዘችኝ።

«ትናንት ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«ባባ፣ ኢና በዚህ ቤት የነበራት አንባቢ አንተ ብቻ ነበርክ። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ጎረቤቱ ‹የቤት እመቤት ምን ልትጽፍ ነው› እያለ ሲያሾፍባት፣ ‹ማላም አንብቦታል› ብላ ነበር አፋቸውን የምታስይዛቸው። ሌላ ምን ነበራት?»

ቆቡን ጨመቅኩት። መጨመቅ አልነበረብኝም፤ ጥልፉ ይጎዳል።

«እሺ፣ አሁን ቢያንስ ፊልሙ ሳይወጣ እንደገና አንብበው» አለች። «አንዴ የተዋናይቱን ፊት ካየህ በኋላ የኢናን ድምፅ አትሰማውም። እኔ ስንት መጽሐፍ እንደዚህ ተበላሽቶብኛል መሰለህ።»

«አነበዋለሁ» አልኩ። «እንደገና» ያለችውን አላረምኩም።

ሻዕባን 12

ከሱብሒ እስከ ሱቅ መክፈቻ፣ ግማሽ ገጽ።

ፊደሉ ከግራ ይነሳል፣ ዓይኔ ከቀኝ መነሳት ይፈልጋል። ፊደሎቹን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፤ ሲያያዙ ነው የሚጠፉኝ። የመጀመሪያዋ መስመር «ድምፄ ትንሽ ነው ይሉኛል» ትላለች። የመጨረሻውን ቃል ስደርስበት የመጀመሪያውን ረሳሁት። ተመልሼ ጀመርኩ።

መቶ አርባ ገጽ ነው። ዒድ ሃምሳ ቀን አይሞላውም።

ሻዕባን 20

ገጽ 9። መጽሐፉን ገና ባልታጠቡት ቆቦች ሥር እደብቀዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ቆብ እጭንበታለሁ።

ጎረቤቴ ሙዲ በአንድ መደብር መጽሐፍም ፊልምም ይሸጣል። ዛሬ የፊልሙን ሥዕል በሩ ላይ ለጠፈ። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንድ የጨርቅ ተሸካሚ፣ «ሙዲ፣ መጽሐፉን ልግዛ ወይስ ፊልሙን ልጠብቅ?» አለው።

«መጽሐፉን ዛሬ፣ ፊልሙን ለዒድ። ሁለቱም ከኔው ነው፣ እኔን ምን ቸገረኝ!»

«ካነበብኩትማ ፊልሙ ምን ይጥመኛል? የሚሆነውን ሁሉ አውቄ።»

አንዲት ቅመም ሻጭ ከወዲያ፣ «ሚስትህ ቱዎ እንደምታገነፋ በየቀኑ ታውቅ የለ? አውቄዋለሁ ብለህ ሳትበላ አድረህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ተይኝ እቴ፣ ቱዎ አይዘፍንም!»

ሳቁ። ሙዲ ወደ እኔ ጮኸ። «ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ ማላም አሉ አይደል! የጸሐፊዋ ባለቤት ናቸው፣ ከሁሉ በፊት ያነበቡት እሳቸው። ማላም፣ ይነበብ ወይስ ይታይ?»

«ይነበብ» አልኩ ቆብ እያሸሁ። «ሳይታይ በፊት ይነበብ።»

«ሰማችሁ!» አለ ሙዲ። ሦስት መጽሐፍ ሸጠ። እኔ እንደ ዓሊም ተናገርኩ። ዘጠኝ ገጽ ያነበበ ዓሊም።

ሻዕባን 27

ገጽ 17። ሴትዮዋ ሳውዴ ትባላለች። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ገበያው ሁሉ ይወደዋል፣ ቀልደኛ ነው፣ ቤት ሲገባ ግን ሳውዴ ስታወራ ጆሮው የለም፤ ነገ የሚሸጠውን ያስባል።

ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቆብ አጣቢ አይደለም። አልሐምዱሊላህ። እኔ ደግሞ ቀልደኛም አይደለሁም።

ረመዳን 2

ጾም ጀመርን። ቆብ መምጣት ጀመረ። ካኖ ውስጥ ለዒድ ቆቡን ሳያሳጥብ፣ ስታርች አስጠጥቶ በእንጨት ፎርማ ላይ ሳያስቆም ወደ ሜዳው የሚወጣ ወንድ የለም። ሁሉም በእኔ እጅ የሚያልፍ ይመስለኛል።

ገጽ 26። ዓይኔ ያነባል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም።

ረመዳን 8

ዛሬ ብልሃት መጣልኝ። አራቱ ደብተሮች! እነሱ ከተገኙ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ፤ ሁሉም ይቀላል። ልጄ ለኢፍጣር ኮሰይ፣ የአተር ጥብስ፣ ይዛ ስትመጣ ጠየቅኳት።

«የኢና ደብተሮች? ለምን?»

«ከታተመው ጋር ላስተያየው ብዬ።»

«አልነገረችህም እንዴ? ኩሊኩሊ ጠቀለለችባቸው እኮ። መጽሐፉ ታትሞ በመጣ በወሩ ገደማ ነው። ‹ከእንግዲህ የሚፈልጋቸው የለም› አለችና እየቀደደች ከጓዳ ስትሸጥ ከረመች። አንተም እየያዝክ ወደ ሱቅ ትሄድ ነበር።»

እውነት ነው። ኩሊኩሊውን ኦቾሎኒ ራሷ ፈጭታ ነበር የምትጠብሰው፣ ማንም እንደሷ አያደርገውም። ያን ሰሞን ብዙ በላሁ። ወረቀቱን ጨምድጄ እጥላለሁ። አጀሚ መሆኑን እንኳ አላየሁም።

ገጽ 38።

ረመዳን 15

52። ቆብ፣ ቆብ፣ ቆብ። ጾም። ጊዜ የለም።

«ማላም፣ የኔን አስቀድሙልኝ!» ሁሉም እንዲህ ይላል።

ረመዳን 19

ከሱብሒ በኋላ። ሱቁን ዘግይቼ ነው የምከፍተው፣ ቆቡ ይጠብቅ።

ይህን ከዚህ በፊት አልጻፍኩትም። አንብቤዋለሁ ባልኳት ቀን በወተት ፉራ እየበጠበጠችልኝ ነበር። ፈገግ ብላ፣ «የቱ ጋ ነው ያሳቀህ?» አለችኝ። ሙዲ መደብር ላይ ሰዎች ስለ መጽሐፉ ሲያወሩ ሰርግ እንዳለበት ሰምቼ ነበር። «ሰርጉ» አልኳት።

«ሰርጉ?»

«አዎ፣ ሰርጉ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።»

የያዘችውን ጭልፋ ሳህኑ ላይ አሳረፈች፣ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ከዚያ ወጣች። ሥራ ኖሯት ነው አልኩ።

ዛሬ ሰርጉን ደረስኩበት። ገጽ 61። የሳውዴ እህት ሰርግ ነው። ከበሮ ይመታል፣ ባልየው መሐል ገብቶ ያስቃል። ሁለት ዓመት የሆነው ልጃቸው ጓዳ ውስጥ በትኩሳት ተቃጥሏል። ሳውዴ ልጁን ሐኪም ቤት ውሰድልን ብላ ሰዉን እየሰነጠቀች ሄዳ ባሏን ትጠራዋለች። «ከበሮዎቹ ይጨርሱ» ይላታል። ሁለተኛ ትጠራዋለች። ሦስተኛ ትጠራዋለች። ሙሽራዋ ሳትወጣ ልጁ ይሞታል።

እኔ ሳቅኩበት ያልኩት ይህን ነው።

እኛም አንድ ልጅ ሞቶብናል፣ ከትልቋ ቀጥሎ የነበረው። ኩፍኝ ነበር። የዒድ ሰሞን ነበር፣ ሱቁ ቆብ ተከምሮበት ነበር። ሰው ልካብኝ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደላከች አላስታውስም። የአላህ ፈቃድ ነው። ልጅ ያልሞተበት ሰው የት አለ። መጽሐፉ ስለ ጨርቅ ነጋዴ ነው።

ረመዳን 26

ገጽ 74። ዛሬ ሁለት መስመር ብቻ። ጣቴ በስታርች ተሰነጣጥቆ ገጹ ላይ ይጣበቃል።

ሙዲ ጋ ሁለት ጎረምሶች፣ «ባልየውን ማን እንደሚጫወተው አየህ? ያ ቆንጆው!»

«ወይ ማላም ታንኮ፣ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ አሳመሯቸው!»

ባልየው እኔ ነኝ ይላሉ ማለት ነው። ዝም አልኩ። ቆጣ ብዬ ቢሆን አለማንበቤ ይታወቅብኝ ነበር? ዝም ማለቴስ ምን አሳወቀብኝ?

ሸዋል 1

ዒድ። ገጽ 83 ላይ ነበርኩ።

አልሄድም ብዬ ነበር። ለልጄም ለራሴም፣ ሳልጨርሰው አላይም ብያለሁ። አልሃጂ ላባራን መኪና ላከ። የክብር ወንበር አለ፣ ባልመጣ ሰው ይጠይቃል፣ ለምን ቀረ ይባላል። ሄድኩ። ወሰዱኝ አልልም፤ በእግሬ ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት።

ልጁ ሲሞት አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ከዚያ መጨረሻው መጣ፣ ያቀለልኩት መጨረሻ። ቆንጆው ባል በጉልበቱ ተንበርክኮ «አልሰማሁሽም» ይላል። ሳውዴ ታነሳዋለች። እንባውን በሻሿ ትጠርግለታለች። «እኔ ግን ይቅር ብዬሃለሁ» ትለዋለች። ዘፈን ይነሳል። አዲስ ልጅ ታቅፈው ይወጣሉ።

ያኔ አለቀስኩ። አልሃጂው አቀፈኝ። የማላውቀው ሰው እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ማላም፣ እንዴት ያለ ፍቅር ነው የነበራት! ታድለዋል» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቤት አድርሳኝ ተመለሰች።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ብተኛ አላህ ያየኛል። ወደድኩት። መጨረሻውን ወደድኩት።

ሸዋል 4

መጽሐፉን ከፈትኩ። ሳውዴ የተዋናይቱን ፊት ይዛ መጣች፣ ጥርሷን፣ ኩሏን። ባልየው ሲናገር የዚያ የቆንጆው ድምፅ ነው። ልጄ እውነቷን ነው።

ዘግቼ ዓይኔን ጨፍኜ የእሷን፣ የሚስቴን፣ ድምፅ ለመስማት ሞከርኩ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ፣ በተዋናይቱ ድምፅ። እንደዚያ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

በሰማንያ ሦስቱ ገጽ ድምፅዋ ትንሽ ይሰማኝ ጀምሮ ነበር። አሁን የለችም። ያንን የሰማሁትንም አጠፋሁት።

ሸዋል 9

አልሃጂ ላባራን መጣ፣ ደስ ብሎታል። ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን ገዝቶ እየመለሰ ነው አለ። ሙዲም ከመደብሩ ሆኖ አረጋገጠ።

«ወላሂ ማላም፣ አንዷ መጽሐፉን ወረወረችብኝ! ‹መጨረሻው ተሳስቷል፣ ትክክለኛውን ስጠኝ› ትላለች።»

ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና ሊያሳትሙት ነው፣ በፊልሙ መጨረሻ። የድሮው ከእንግዲህ አይታተምም። የእኔ ፊርማ ያስፈልጋል። በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ልጄም እንድትኖር ይፈልጋል።

መፈረም እፈልጋለሁ። እውነቱ ይኸው። እሷ ሞታለች፣ ማን ይጎዳል? የቀረውን ባላነበው፣ እኔ የማውቀው መጨረሻ ይቅር የተባለበት ብቻ ነው። ከፈረምኩ ደግሞ ሌላ መጨረሻ የትም አይኖርም። ለማንም።

ሃምሳ ሰባት ገጽ ቀርቶኛል።

ሸዋል 10

ሱቅ ዘጋሁ። ከዒድ በኋላ ቆብ የለም፤ ሰበብም የለም። 97።

ሸዋል 13

ጨረስኩት። ዙህር ሳይደርስ።

ሳውዴ ባሏን አትለቀውም። አትጮህበትም። ጎረቤት አትሰበስብም። ምግቡን በሰዓቱ ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ እንግዳው ሲመጣ ምንጣፍ ታነጥፋለች። ሰው ሁሉ፣ ባሏም ጭምር፣ ሐዘኑ ወጣላት ይላል። የመጨረሻዋ መስመር ይህች ናት፦

«ይጠራኛል፣ አቤት እላለሁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርቼው አላውቅም።»

መጽሐፉን ዘጋሁት። እኛ ልጃችንን ከቀበርን በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል። ከጓዳ ሆና «ማላም!» ብላ የጠራችኝን ቀን ፈለግኩ። አንድ ቀን ብቻ። ስጠራት አቤት ስትል ሰማኋት፣ ብዙ ጊዜ፣ ጥርት አድርጌ፣ በራሷ ድምፅ። የጠራችኝን አላገኘሁም።

ተጣልተን አናውቅም እል ነበር። ትዳራችን ሰላም ነው ብዬ አላህን አመሰግን ነበር።

ሸዋል 14

አልሃጂ ላባራን ወረቀቱን አምጥቶ ቆብ ማሰጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ልጄ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ከመፈረሜ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ላንብብላችሁ» አልኩ።

«እንደ ሬዲዮ!» አለ አልሃጂው እየሳቀ። «ያንብቡ፣ ማላም።»

ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ፊደል እየጠራሁ፣ እያጋጠምኩ፣ ስሳሳት እየተመለስኩ። ላብ ወረደኝ። ልጄ በመጀመሪያው መስመር፣ አስተማሪ ከተማሪዋ ጋር እንደምታደርገው፣ ሳታውቀው ከንፈሯን ከእኔ ጋር ታንቀሳቅስ ነበር። በሦስተኛው መስመር ላይ አቆመች። አልሃጂው ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተው። አንድ ገጽ ነው። ማንም አላገዘኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስጨርስ፣ «አልፈርምም» አልኩ። «ያኔ አቅልሉት ስላችሁ አላነበብኩትም ነበር። እሷ በሕይወት ሳለችም አላነበብኩትም። አንብቤ የጨረስኩት ትናንት ነው።»

አልሃጂው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማላም፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሰዉ ፊልሙን አይቶታል። ካኖ ሁሉ አይቶታል። እርስዎ ፈረሙ አልፈረሙ፣ ሳውዴ ይቅር ብላዋለች። አለቀ። ይህን አሁን ማን ያነበዋል?»

እውነቱን ነው። 

ልጄ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ኢና አለማንበብህን ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ታውቅ ነበር።»

«እና ‹ማላም አንብቦታል› ስትላቸው...»

«እያወቀች ነው።»

አልሃጂው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ምናልባት ሐሳቤን እቀይር እንደሆነ ብሎ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። ሌላው ፊርማዬ ሁሉ በአጀሚ ነው። ዛሬ በፊርማው ቦታ ላይ በቦኮ፣ ከግራ ተነስቼ፣ ፊደል በፊደል «አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ። ቀና ስል የልጄ በርጩማ ባዶ ነበር።